ድርሰት ከመጻፉ አስቀድሞ ሐሳብን ስለ ማሰናዳት

ድርሰት ደረሰ ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። ደረሰ ማለትም ነገርን ከነገር፥ ቃልን ከቃል አያይዞ አዘጋጀ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው በስሙ ውስጥ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ድርሰት የተዘጋጀ ነገር ነው እንጂ እንደ መጣ የተጻፈ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በብዙ የመንደር ትምህርት ቤት መምህሩ አርእስቱን በሰሌዳ ላይ ይጽፍና «በሉ ጻፉ» ብሎ ይቀመጣል። ልጆቹም ወዲያው የመጀመሪያውን መስመር ይጀምራሉ፤ ሦስት ወይም አራት መስመር ከጻፉ በኋላ ግን ነገሩ ያልቅባቸውና ጣራ ጣራውን ያያሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ የጻፈውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፤ አንዱ ከአርእስቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ሌላውም የጎረቤቱን ደብተር ይመለከታል። መምህሩ ደብተሩን ሰብስቦ የፊደሉን ግድፈት በቀይ ቀለም ያርማል፤ የነገሩን መልክ ማጣት ግን «ጥሩ አይደለም» በሚል በአንድ ቃል ያልፈዋል። ልጁም ፊደሉን ያስተካክላል፤ ድርሰቱ ስለ ምን ጥሩ እንዳልሆነ ግን ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። ማሰብንና መጻፍን በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ስለ ታዘዘ፥ ሁለቱም አምልጠውት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሽማግሎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በአጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ሲቈጥርም አስቀድሞ የሚሻው ቃሉን ሳይሆን ምሥጢሩን ነው። ሰሙንና ወርቁን ሳይወስን ቤት መምታት የጀመረ ተማሪ፥ ቤቱ ቢገጥምለት እንኳ መምህሩ «ምሥጢሩ ወዴት አለ?» ብሎ ይመልሰዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ለሁለቱ ቤት ግን ተማሪው ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። እንግዲህ ለአንድ ገጽ ድርሰት አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ማሰብ ብዙ ነው የሚል ማነው?

ነገሩ የክፍል ማርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበም ነበር። ነገር ግን በብዙ መንደር ደኅና አድርጎ የሚጽፈው ልጅ የመንደሩ ጸሐፊ ነው፤ ሽማግሎች ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያቀርቡትን አቤቱታ የሚጽፈው እርሱ ነው። የመንደሩ የውኃ ጒድጓድ ፓምፕ ተሰብሯል እንበል። ልጁ ግማሹን ገጽ በሰላምታና በምስጋና ይሞላል፤ ቀጥሎ መንገዱ በክረምት ጭቃ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም የትምህርት ቤቱን ወንበር ማነስ፥ ከዚያም ባለፈው ዓመት የተገባውን ተስፋ ያነሣል፤ ፓምፑን የሚጠቅሰው በመጨረሻው መስመር ነው፤ መቼ እንደ ተሰበረና ስንት ቤተሰብ ይጠጣበት እንደ ነበረ ግን አይናገርም። የጽሕፈት ቤቱ ሹም በዚያው ቀን ብዙ እንዲህ ያለ ወረቀት ያነባል። የተለመነው ምን እንደ ሆነ ስላልገባው ወረቀቱን ለማን እንደሚመራው አያውቅም፤ ወረቀቱም ከሌሎች ወረቀቶች በታች ያድራል። እናቶችና ልጃገረዶችም እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ መመላለሳቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ አቤቱታ ውስጥ ውሸት አልነበረም፤ የጐደለው የነገር ተራ ነው።

ልጆች ይህን ተራ እንዲለምዱ ሥራው ከሚያውቁት ነገር ቢጀመር ይሻላል። «ስለ ሰላም» ወይም «ስለ ጊዜ ጥቅም» ጻፉ ቢባሉ የሰሙትን ከመድገም በቀር የሚያመጡት የለም። በደጋ አገር ለሚገኝ ትምህርት ቤት «ባሕር ዛፍ» ደኅና አርእስት ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል፤ ሽማግሎችም በነገሩ አይስማሙም። ሰው ሁሉ የሚስማማበት አርእስት ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመዘን ነገር ስለሌለበት ቶሎ ያልቃል።

በመጀመሪያ መምህሩ ልጆቹን ምንም ሳያስጽፍ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ይጠይቃቸው። ልጆቹም ይህን የመሰለ ነገር ይናገራሉ፦ «ቶሎ ያድጋል»፥ «ምሰሶና ማገር ይሆናል»፥ «አጠገቡ ያለ ገብስ ይቀጭጫል»፥ «ምንጭ ያደርቃል»፥ «ከውጭ አገር የመጣ ነው»፥ «ቅጠሉን ለጉንፋን ይታጠኑታል»፥ «ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል»፥ «አባቴ ሸጦ ደብተር ገዛልኝ»፥ «ወንድሜ ከላዩ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ»፥ «ከብት አይበላውም»፥ «በቅጠሉና በጭራሮው እንጀራ ይጋገራል»፥ «ከሥሩ ሣር አይበቅልም»። ይህ ሁሉ 12 ነገር ነው። መምህሩ በዚህ ጊዜ ማንንም አይንቀፍ፥ ማንንም አያመስግን፤ የተባለውን ሁሉ እንደ ተባለ ይጻፈው። ልጅ በስብሰባው ጊዜ ከታረመ ቀጥሎ አፉን አይከፍትምና።

ከዚህ በኋላ መለየት ነው። ጥቅሙን የሚናገሩት 5 ናቸው፤ ቶሎ ማደጉ፥ ምሰሶና ማገር መሆኑ፥ ከጉቶው ማቈጥቈጡ፥ ተሸጦ ደብተር መግዛቱና እንጀራ የሚጋገርበት መሆኑ። ጉዳቱን የሚናገሩት 3 ናቸው፤ የገብሱ፥ የምንጩና የሣሩ ነገር። 4 ደግሞ ቦታ ሳያገኙ ቀርተዋል።

ብዙ መምህራን ሥራውን በዚህ ላይ ያቆሙና «እንግዲህ አንደኛው አንቀጽ ጥቅሙ፥ ሁለተኛው አንቀጽ ጉዳቱ» ይላሉ። እንዲህ የተጻፈ ድርሰት ግን ገና ፍርድ ያልተሰጠበት ሙግት ነው፤ ከሳሽ ተናግሯል፥ ተከሳሽ መልሷል፥ ዳኛው ግን ዝም ብሏል። የሚጐድለው ዋናው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ድርሰቱ ሁሉ ቢጨመቅ የሚወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ባሕር ዛፍ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ማለት ዋና ሐሳብ አይደለም፤ ስለ እሳትም ስለ ዝናምም ይኸው ይባላልና። ልጆቹ ከተከራከሩ በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ላይ ይደርሱ ይሆናል፦ «ባሕር ዛፍ እንጨትና ገንዘብ ስለሚሰጥ ሊተከል ይገባዋል፤ የሚተከለው ግን ከምንጭና ከእርሻ ርቆ ነው»። ሌላው ክፍል ተቃራኒውን ቢመርጥ መምህሩ ሊከለክለው አይገባም። የሚጠይቀው ነገር፥ የመረጡት ቃል አንድ ሰው «አይደለም» ሊለው የሚችል መሆኑን ብቻ ነው። ማንም የማይቃወመው ቃል ድጋፍ አያስፈልገውም፤ ድጋፍ የማያስፈልገው ቃልም ድርሰት አይሆንም።

ዋናው ሐሳብ ከተገኘ በኋላ በእርሱ ሥር የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ አንድ አሮጌ መሣሪያ አለ። የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ሰዎች መምህሩ ንባቡን ከፈታ በኋላ «ምነው ቢሉ» ብሎ ራሱን ጠይቆ ራሱ ሲመልስ ሰምተዋል። ይህን ጥያቄ ልጆች በእያንዳንዱ ሐሳብ ላይ ሊያነሡት ይችላሉ። «ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያስገኛል»፤ ምነው ቢሉ፥ ቶሎ ይደርሳልና፤ ደግሞም ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣልና ሁለተኛ መትከል አያስፈልግም። እንደ ምን ቢሉ፥ አንድ አባት ሸጦ ለልጁ ደብተር ገዝቷል። እነሆ፥ በሰሌዳው ላይ እኩል ተሰልፈው የነበሩት ነገሮች እኩል እንዳልሆኑ ታየ። «ገንዘብ ያስገኛል» የሚለው ከላይ ሆነ፤ ይህንም ልጆቹ በቃል አልተናገሩትም ነበር፥ ከደብተሩ ነገር ውስጥ የወጣ ነው። ቶሎ ማደጉና ማቈጥቈጡ ምክንያት ሆነው ከሥሩ ገቡ፤ ደብተሩም ምስክር ሆነ። ዋና ሐሳብ፥ ደጋፊ ሐሳብ፥ ዝርዝር ማስረጃ ተብሎ በመማሪያ መጽሐፍ የሚነገረው ነገር ይህ ነው፤ ስሙን ከማስጠናት ግን ጥያቄውን ማስለመድ ይበልጣል።

ቦታ ወዳጡት ወደ 4ቱ እንመለስ። ከብት አይበላውም የተባለው ነገር እንግዳ ነው፤ በጥቅምም በጉዳትም ሊገባ ይችላል። ከብት ስለማይበላው አጥር ሳያሻው ይበቅላል ቢባል ጥቅም ነው፤ ለከብት መኖ አይሆንም ቢባል ጉዳት ነው። ልጆቹ አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ በሁለቱም ቦታ ቢጽፉት አንባቢው ጸሐፊው ከማን ወገን እንደ ሆነ ያጣዋል። የጉንፋኑ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ጉንፋን ብሎ ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ የለምና ይቅር። የተሰበረው ክንድ ደግሞ በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሆኖም «ከምንጭና ከእርሻ ርቆ ይተከል» ለሚለው ቃል ምንም አይመልስም። ከወይራም ከዋንዛም የወደቀ ልጅ ክንዱ ይሰበራል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ደብተሩም የተሰበረው ክንድም ከየልጁ ቤት የመጡ ታሪኮች ናቸው። አንዳንድ መምህር «የቤታችሁን ወሬ ተዉት» ብሎ ሁለቱንም ይጥላል፤ አንዳንዱም ልጁ እንዳይከፋው ሁለቱንም ያስገባል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ደብተሩ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ክንዱ ግን ለሌላ ቀን ድርሰት፥ ምናልባት «በመንደር ልጆችን ስለሚያገኛቸው አደጋ» ለሚል አርእስት የሚቀመጥ ነው። ለልጁም ይኸው ይነገረው። እውነት የሆነውንና ደስ የሚለውን ነገር ስለ ቦታው ብሎ መተው ከሁሉ የሚከብድ ትምህርት ነው፤ አዋቂዎችም በሸንጎ ሲናገሩ ይህን ሲያቅታቸው ይታያል።

ከውጭ አገር የመጣ ነው የተባለውስ? ይህ የመግቢያ ነገር ነው። የባሕር ዛፍ ጥንተ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን በምዕራብ በኩል ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ ከተማው በስፍራው ጸና። መምህሩ ይህን ታሪክ ለልጆቹ ቢነግራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ የሚጥም ስለ ሆነ ድርሰቱን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ለተመረጠው ዋና ሐሳብ የሚበቃው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዛፉ ሲገባ የእንጨት ረኀብን ለማስታገሥ እንደ ነበረ ከተነገረ በቂ ነው። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ልጆች ሰምተው አንዳንድ ጊዜ ስለ ባሕር ዛፍ ሲጽፉ ከሰማይና ከምድር መፈጠር ይጀምራሉ። የነገር ሥር ማለት የዓለም መጀመሪያ ማለት አይደለም፤ የዚያ ነገር መጀመሪያ ማለት ነው።

አሁን የተለየው ሁሉ በተራ በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ አስተዋጽኦ ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰው አስተዋጽኦ ሲል ርዳታን ወይም ድርሻን ማለቱ ነው፤ በድርሰት ትምህርት ግን የነገሩ አጥንት ማለት ነው፤ ቢጋር የሚሉትም አሉ። ይህ አጥንት አንድ ታላቅ ጥቅም አለው፤ የጐደለውን ነገር ድርሰቱ ሳይጻፍ ያሳያል። በምሳሌያችን ዋናው ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው፤ «ሊተከል ይገባዋል» እና «ከምንጭና ከእርሻ ርቆ»። ለመጀመሪያው ክፍል 5 ማስረጃ አለ። ለሁለተኛው ግን ጉዳቱን የሚናገሩ 3 ቃላት እንጂ፥ ምን ያህል ይራቅ፥ ወዴትስ ይተከል ለሚለው አንድ እንኳ መልስ የለም። ልጆቹ ሳይሰናዱ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ይህን ባዶ ቦታ «በጣም መራቅ አለበት፥ እጅግ በጣም መራቅ አለበት» በሚል ይሞሉት ነበር። ቃል መደጋገም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማስረጃ የጐደለበትን ቦታ ያመለክታል፤ መምህሩ በደብተር ውስጥ «በጣም» የሚለው ቃል የበዛበትን ስፍራ ቢፈልግ ባዶውን ያገኘዋል።

ባዶው የሚሞላው ከቤት ወጥቶ በማየትና በመጠየቅ ነው። ልጆቹ በባሕር ዛፍ ጥግ ወዳለ ማሳ ይሂዱ፤ ቀጭጮ የቆመው አዝመራ ከዛፉ ግንድ ስንት እርምጃ ድረስ እንደሚደርስ፥ ደኅናውም ከየት እንደሚጀምር በእርምጃ ይለኩ። ያንኑ በሁለትና በሦስት ማሳ ላይ ይድገሙት። «በእኛ መንደር በሦስት ማሳ ላይ ተለክቶ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር «ባሕር ዛፍ ለእርሻ ጠላት ነው» ከሚል አንድ ገጽ ይበልጣል። ደግሞም በመንደሩ ለእህል የማይሆን ድንጋያማ ተዳፋት ያለ እንደ ሆነ ስሙን ይጻፉ፤ «ወዴት ይተከል?» ለሚለው መልሱ እርሱ ነው።

የምንጩ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የሽማግሎችም እርዳታ የሚያስፈልገው በዚህ ነው። ምስክር ያየውን ሲናገርና የሰማውን ሲናገር ልዩነቱን በሙግት የኖሩ ሰዎች ያውቃሉ። ልጁ «ምንጭ ያደርቃል» ሲል የሰማውን መናገሩ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ አዛውንት ሄዶ «አባባ፥ ይህ ምንጭ ድሮ እንዴት ነበር? መቀነስ የጀመረው ዛፉ ከመተከሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ይጠይቅ። አዛውንቱም የሚያስታውሱትን ብቻ ይንገሩት፤ ልጁን ደስ ለማሰኘት አይጨምሩ። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ የሚስብ ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ምንጭ በዝናም ማነስም፥ በላዩ ያለው ደን በመመንጠሩም፥ የሚቀዳው ሰው በመብዛቱም ይቀንሳል። ልጁ ሌሎቹን ምክንያቶች ሰምቶ በድርሰቱ ውስጥ ቢጠቅሳቸው ነገሩ አይደክምበትም፤ የተቃዋሚውን ቃል አስቀድሞ ያነሣ ተሟጋች ይታመናልና።

የአንቀጾቹ ተራ እንደ ድርሰቱ ዓይነት ይለያያል። የተደረገን ነገር የሚተርክ በጊዜ ተራ ይሄዳል፤ ቦታን ወይም ዕቃን የሚገልጽ ዓይን እንደሚያየው ከአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። እንደ ባሕር ዛፉ ያለ አመዛዛኝ ድርሰት ግን በክብደት ይደረደራል። በዚህ ምሳሌ ጥቅሙ ይቅደም፥ ጉዳቱ ይከተል፥ የሚተከልበት ቦታ በመጨረሻ ይምጣ፤ ጸሐፊው ሊያደርስ የፈለገው ወደዚያ ነውና። እያንዳንዱም አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። ስለ መደምደሚያ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ልጆች ድርሰትን ሁሉ «ስለዚህ ሁላችንም» ብለው በምክር የመዝጋት ልማድ አላቸው፤ ይህን ልማድ ያገኙት ከአዋቂዎች ንግግር ነው። የሚተከልበት ቦታ ከተነገረ ነገሩ አልቋል።

በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እንዲሠራም መሞከር አይገባም። በመጀመሪያው ቀን መሰብሰብና መለየት፥ በመካከሉ መለካትና መጠየቅ፥ በሁለተኛው ቀን አስተዋጽኦውን ማቅናት፥ በሦስተኛው መጻፍ ይበቃል። ወረቀት በሚያጥርበት ትምህርት ቤት አሮጌ ደብተር በጣት ስፋት ተቀዶ በእያንዳንዱ ቍራጭ ላይ አንድ ሐሳብ ይጻፍበት፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ጠጠር ተጭኖበት በመሬት ላይ ይደርደር። ጠጠሩን አንሥቶ ቍራጩን ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ማዛወር፥ በደብተር ላይ የተጻፈውን ከመሰረዝ ለልጅ እጅግ ይቀለዋል። ቁጥራቸው ለበዛ ክፍል ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ሐሳቡን ይወክሉ፤ «ገንዘብ ያስገኛል» የሚለው ልጅ ከፊት ይቁም፥ ምክንያቶቹ ከኋላው ይሰለፉ። ማን ከማን በኋላ ይቁም ብለው ሲከራከሩ ክፍሉ ይንጫጫል፤ መምህሩ ይህን ጩኸት ይታገሥ።

በእርማቱም ጊዜ መምህሩ አስተዋጽኦውን ከድርሰቱ ጋር አብሮ ይቀበል። ከፊደሉ በፊት የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለይቶ በተራ ያንብብ፤ እነዚህ ተያይዘው ሲነበቡ ነገሩ የሚገባ እንደ ሆነ ድርሰቱ አጥንት አለው። የማይገባ እንደ ሆነ ግን «ጥሩ አይደለም» ከማለት ይልቅ ነገሩ የተሰበረበትን ቦታ በመስመር አመልክቶ በዳር «ምነው ቢሉ?» ብሎ ይጻፍበትና ይመልሰው። የፊደሉን እርማት በሁለተኛው ጽሕፈት ላይ ያድርገው። ከድርሰቱ የተረፉትን የወረቀት ቍራጮች፥ የተሰበረውን ክንድ የያዘውን ጨምሮ፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣቸው፤ ለሚቀጥለው ወር አርእስት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ሣጥን ነው።